ስለ ወጪ መጋራት ውል
ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ደስታው የሁላችንም ነው። ነገር ግን የወጪ መጋራት ውል ሲመጣ «ልጄን ዕዳ ሊያሸክሙብኝ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ አለ። በደንቡ መሠረት ዕዳው የሚከፈለው ልጁ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው እንጂ ዛሬ ከወላጅ ኪስ አይደለም።

የሚያስቸግረው ስም ነው። በጅጅጋችን አንዱ ሰው በሶማሊኛ «ማሐመድ»፣ በአማርኛ «መሐመድ» ተብሎ ይጻፋል። አምና አንዲት የሰፈራችን ልጅ በአያቷ ስም አንድ ፊደል ሳቢያ ስንት ቀን ተመላለሰች! ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ውጤቱንና መታወቂያውን ከአሁኑ አስተያዩ። ልጆችም ምግብና መኝታ በዓይነት ወይስ በገንዘብ የሚለውን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ግልባጩንም ያስቀምጡ።

ማንበብ የቸገረው ወላጅ ወደ ማኅበራችን ይምጣ፤ ተቀምጠን እናነብለታለን። ነውር የለውም።