የፀሐይ መብራት ለሚያስገቡ ሰዎች የሚገባ ምክር

ለተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች፣ የመሬት ባለይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት፤

በአገራችን ፀሐይ መብዛትዋ፣ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ሶላር የተባለው የፀሐይ መብራት እየገባ ስለ ሆነ፣ ባላገሩ ወደ ሹሙ እየመጣ «ሰሌዳው ስንት ብር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ቤቴ በአንድ ቀን ምን ያህል ኀይል ይፈጃል?» የሚለው ነው።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚፈጁ 4 አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ራዲዮና ስልክ ሲጨመርበት 130 ያህል ይደርሳል። ለዚህ በበጋ የ50 ዋት ሰሌዳ ይበቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን 80 ዋት ያህል ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ስለሚስብ፣ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ እንጀራ ይጋገራል የሚል ነጋዴ ቢገኝ አትመኑት።

ሰሌዳው የዛፍ ጥላ በማያርፍበት ስፍራ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይተከል፤ ዘንበል ማለቱ ዝናሙ አቧራውን እንዲያጥበው ይረዳል።

ዋናው ነገር ግን የባትሪው ነው። ሰሌዳው በደኅና ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በየሌሊቱ እስኪሟጠጥ ከተሠራበት ደግሞ ፈጥኖ ይሞታል። ይህ ያልተነገረው ባለቤት መብራቱ ሲጠፋበት፣ ሰሌዳው ደኅና ሆኖ ሳለ «የፀሐይ መብራት ውሸት ነው» ብሎ ወደ ኩራዙ ይመለሳል፤ ልጆቹም እንደ ገና ጭስ ዐይናቸውን እያቃጠለው ያጠናሉ።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ሹም የሆነ ሰው፣ ስንት ሰሌዳ ታደለ ብሎ ከመቍጠሩ በፊት፣ በየቀበሌው ሁለት ወጣቶች ጥገና እንዲማሩ፣ የሻጩ ዋስትና በጽሑፍ እንዲያዝ፣ ለባትሪ መለወጫ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ እንዲጠራቀም ያድርግ። አሮጌውም ባትሪ፣ እርሳሱና አሲዱ ውሃውንና እርሻውን እንዳይመርዝ፣ ተሰብስቦ ወደ ሻጩ ይመለስ።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ስለ ድርቆሹ አስቀድሞ ያስባል። ፀሐይ ዋጋ አትጠይቅም፤ ብርሃንዋን የሚያጠራቅመው ዕቃ ግን ጠባቂ ይፈልጋል።