አዲስ ጠመንጃ ለተኩስ ሜዳ ሲዘጋጅ

«አዲስ ነው፤ ምን ያስፈልገዋል?» የሚለውን አነጋገር በዚህ ሴሚስተር ደጋግመን ሰማነው። ይህን የሚሉት እዚህ አሜሪካ ከእኛ ጋር የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻችን ናቸው፤ የሚሉትም ስለ መኪና ወይም ስለ ጫማ ሳይሆን ስለ ጠመንጃ ነው። ከመካከላቸው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው አንዳንዶቹ ኤአር-15 የሚባለውን ጠመንጃ ከመደብር ገዝተዋል፤ ቅዳሜ ከነካርቶኑ መኪና ላይ ጭነው፣ አራትም አምስትም ሆነው፣ ወደ ተኩስ ሜዳ ለመሄድ ይቀጣጠራሉ። የሚከራከሩት ማን ቀድሞ ይተኩስ፣ ማንስ ፎቶግራፍ ያንሳ በሚለው ነው። እኛ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እንላለን፤ ይኸውም ጠመንጃውን ማን ፈታው፣ ማን ወለወለው፣ ማንስ እንዲነካው ሕግ ይፈቅድለታል የሚለው ነው።

ይህ ችላ ባይነት ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። እኛ ጠመንጃ የሚዘፈንለት አገር ልጆች ነን። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ለበኑ፣ በኋላም ክላሹ በፉከራና በቀረርቶ ሲወደሱ ሰምተን አድገናል፤ ስለ መወልወያው ጨርቅና ስለ ዘይቱ ግን የፎከረ ሰው አላጋጠመንም። ባላገሩ ጠመንጃውን አይንከባከብም ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ የተላለፈው ግን ፉከራው ብቻ ሆነና ጥንቃቄው በመንገድ ቀረ።

«አዲስ ነገር ጽዳት አይፈልግም» የሚለው እምነት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ከዚሁ ከኤአር-15 ታሪክ የበለጠ አስተማሪ አናገኝም። ጠመንጃውን በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የነደፈው አርማላይት በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዩጂን ስቶነር ነው፤ ኩባንያውም በ1959 መብቱን ለኮልት ሸጠው። «ኤአር» የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ከአርማላይት ነው፤ በክርክር ላይ «የጥቃት ጠመንጃ ማለት ነው» እያሉ የሚተረጉሙት ወንድሞቻችን ተሳስተዋል። የአሜሪካ ጦር መሣሪያውን ኤም-16 ብሎ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቬትናም ለነበሩት ወታደሮቹ ሲያድል ብዙ ጽዳት የማይፈልግ ዘመናዊ ጠመንጃ ነው ተባለለት። ስለዚህም መወልወያው በበቂ አልተላከም፤ ወታደሩም እንዴት እንደሚያጸዳው በደንብ አልተማረም። በዚህ ላይ የጥይቱ ባሩድ በሌላ ዓይነት ተለውጦ ነበርና ጥላሸት አበዛ፤ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ደግሞ በክሮም ስላልተለበጠ በዚያ እርጥብ አገር ዛገ። የተተኮሰው ቀለህ ከውስጥ ተጣብቆ አልወጣ አለ። በጦርነት መካከል ቀለሁን በዘንግ ገፍተው ለማውጣት ሲታገሉ የሞቱ ወታደሮች ነበሩ። በ1967 ሪቻርድ አይኮርድ የመሩት የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ የጦሩን ባለሥልጣኖች ክፉኛ ወቀሰ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በክሮም ተለበጠ፣ መወልወያው ታደለ፣ ታዋቂው ሠዓሊ ዊል አይስነርም ወታደሩ ጠመንጃውን እንዴት እንደሚይዝ የሚያስተምር የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጀ።

«ቬትናም ሌላ፣ የቅዳሜ ተኩስ ሌላ» የሚለን አይጠፋም። በእርግጥ ኤም-16 በተከታታይ መተኮስ የሚችል የጦር መሣሪያ ነው፤ ከመደብር የሚገዛው ግን ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ፣ በከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ነው። ከሜዳው ማዶ የሚጠብቀን ጠላትም የለም። ዳሩ ግን ጠመንጃው ሲነክስበት ጀማሪ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። ዞር ብሎ «ምን ሆነብኝ?» ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል፤ እሱ ሲዞር አፈሙዙም አብሮት ይዞራል። ያልተወለወለ ጠመንጃ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከባድ አይደለም፤ አንድ ምሽት ይበቃዋል። አስቀድሞ የፋብሪካው መመሪያ ይነበብ፤ ከእኛ መካከል የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው ይህችን ትንሽ ጥራዝ ማንበብ የሚታክተው ለምን እንደ ሆነ አይገባንም። ጥይት ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ካዝናው ተነቅሎ፣ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ካስማዎች ተገፍተው ጠመንጃው ይከፈት። ፋብሪካው የቀባው ቅባት በመጋዘን እንዳይዝግ የታሰበ ሊሆን ስለሚችል እሱን ጠርጎ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚመላለሰው ብረት ላይ፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ሁሉ፣ ደህና ዘይት ማድረግ ያስፈልጋል። በርሜሉና የጥይቱ ክፍል ግን ደረቅ መሆን አለባቸው። በበርሜሉ ውስጥ ጨርቅ አሳልፎ ወደ ብርሃን መመልከትም አይረሳ፤ በማሸጊያ ጊዜ የቀረ ነገር ወይም የተረሳ ጨርቅ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። በመጨረሻ ጠመንጃው ይገጠምና ባዶውን እንዳለ ምላጩና መጠበቂያው በትክክል መሥራታቸው ይፈተሽ።

ስለ ጥይቱ ደግሞ የሚቀለድ አይደለም። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ጥይቱ ሣጥን ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ ማንበብ ግድ ነው። «.223 ሬሚንግተን» ብቻ በተጻፈበት ጠመንጃ 5.56 ናቶ ጥይት መተኮስ ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያሳድገው ይችላል። ከዚህ የባሰው .300 ብላክአውት የሚባለው ነው፤ በዚያው ካዝና ይገባል፣ አንዳንድ ጊዜም በ5.56 ጠመንጃ ይጎርሳል፤ እርሳሱ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የበርሜሉ ቀዳዳ 5.7 አይሞላም። እንዲህ ያለው ስሕተት ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ይበትነዋል።

በሜዳው ላይ ካዝናውን ሞልቶ መጀመር የፉከራው ቅሪት ነው። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይግባ፤ ቀለሁ ወጥቶ መወርወሩ ይታይ። ቀጥሎ ሁለት ይግቡ፤ የምላጩ መሣሪያ ጉድለት ኖሮበት በአንድ ስበት ሁለቱም ቢተኮሱ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሠላሳ ቢሆኑ ግን ማን ይይዘዋል? ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልተተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደ ያዙ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ መጠበቅ፤ ድምፁ ከወትሮው የደከመ ከሆነ ደግሞ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ጥይት ሳያስከትሉ ማቆም ያስፈልጋል። የጠመንጃ ድምፅ 160 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ከ140 በላይ የሆነ አንድ ድምፅ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል መሸፈኛ የሌለው አይተኩስ፤ አጠገቡም አይቁም። ማነጣጠሪያውን ስለ ማስተካከል ብዙ አንልም፤ ከ25 ሜትር ሦስት ሦስት እየተኮሱ ማረም በቂ ነው። «አዲስ በርሜል በየጥይቱ ካልተወለወለ አይለማመድም» የሚለውንም ሥርዓት ለእኛ ቢጤ ተኳሽ ጊዜ ማባከን ነው ብለን ትተነዋል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀን ግን ዘይትም ጨርቅም የማያስተካክለው ጉዳይ ነው። ከአምስቱ የቅዳሜ መንገደኞች ሁለቱ ወይም ሦስቱ በተማሪ ቪዛ የገቡ ናቸው። የዚህ አገር የፌዴራል ሕግ በእንዲህ ያለ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል፤ ከተፈቀዱት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ለተማሪ የሚሆነው በአሜሪካ የተሰጠና ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። መያዝ ማለትም መግዛት ብቻ አይደለም፤ «ቆይ አንዴ ልሞክራት» ብሎ ከጓደኛ እጅ መቀበል፣ ወይም ሜዳው ላይ ተከራይቶ መተኮስም ያው ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት እስራት አድርሶታል፤ ሁኔታውን እያወቀ ያቀበለውም ጓደኛ አይድንም። ከዚህም በላይ በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉን አሟጦ የላከው ልጅ ለአንዲት ፎቶግራፍ ትምህርቱን ሲያጣ ቆመን ማየት አንፈልግም።

ጓደኛ እንዲህ ሲጠይቅ «እምቢ» ማለት በእኛ ዘንድ ንፉግነት እንደሚመስል እናውቃለን። ቢሆንም ባለ ጠመንጃው አስቀድሞ፣ ገና መኪና ውስጥ ሳይገባ፣ «አንተ ቪዛህ ምንድን ነው? የአደን ፈቃድ አለህ?» ብሎ ይጠይቅ። የሌለው ሰው ጭራሽ ወደ መተኮሻው አይቅረብ፤ ቤት ሆኖ ቡና ያፍላ፤ ሲመለሱ ይጠጣሉ።

ስለዚህ ማኅበራችን ከሚቀጥለው የቅዳሜ ጉዞ በፊት አንድ ስብሰባ እንዲጠራ እንጠይቃለን። በብዙ ዩኒቨርስቲዎች ግቢ ውስጥ መሣሪያ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ጠመንጃው ባለቤቱ ቤት ይቅር፤ ለስብሰባው መመሪያው ብቻ ይበቃል። ሕግ ከሚያስተምሩን መምህራን አንዱ መጥተው የቪዛውን ነገር ቢያስረዱን ደግሞ በጣም እናመሰግናለን፤ ቀኑንና ሰዓቱን እሳቸው ይምረጡልን።