ዕጣውን ማሽን ያውጣ ካልን፣ መመሪያው ቀድሞ ይነበብልን

ዛሬ ስለ ዕጣ እናውራ።

አዘዞ ላይ እቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ስም በወረቀት ይጻፋል፣ እኩል ይጠቀለላል፣ ይደባለቃል፣ ከዚያ ሁሉም እያየ አንዱ ይወጣል። እቁብተኛው ዕጣውን የሚያምነው ዳኛውን ስለሚወድ አይደለም። ስሙ ሲገባ አይቷል፣ ሲደባለቅ አይቷል፣ ሲወጣም አይቷል። እምነቱ የቆመው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ነው።

አሁን ስልክ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት «ከ30 ሰው አንዱን ምረጥልን» ማለት ቀላል ሆኗል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ማሽን የተሠራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ለመገመት እንጂ ዕጣ ለማውጣት አይደለም። ከ1 እስከ 10 አንድ ቁጥር ምረጥ ብትሉት ደጋግሞ 7 ይላችኋል። ከ1 እስከ 100 ካላችሁት 42፣ 37 እና 73 ይበዛሉ። ሰዎች በጽሑፋቸው የሚያዘወትሩትን ቁጥር ነው መልሶ የሚነግራችሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ዕጣ 7ኛ ላይ የተጻፈው ሰው ዕድለኛ ነው፤ 10ኛው ግን ገና ከጅምሩ ተሸንፏል።

መፍትሔው ይታወቃል። ሥራ የሚሠሩ የኤአይ ኤጀንቶች ቁጥሩን ከራሳቸው ከመገመት ይልቅ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ የዕጣ ቁጥር ማውጫ መሣሪያን እንዲጠሩ ይደረጋል። ነገር ግን ኤጀንቱ መሣሪያውን የሚያውቀው ስለ እሱ የተጻፈውን መመሪያ በማንበብ ነው። መመሪያው «ቁጥር ያወጣል» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ኤጀንቱ መቼ መጥራት እንዳለበት አይገባውም፤ ወደ ግምቱ ይመለሳል። ስለዚህ ያቺ አንድ ገጽ ጽሑፍ ተራ ወረቀት አይደለችም። ዕጣው ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ምን ትበል?

አንደኛ፣ ወሰኑን ትናገር። «ከ1 እስከ 30» ሲባል 30 ራሱ አለበት ወይስ የለበትም? ብዙ የኮምፒውተር ቋንቋዎች የመጨረሻውን ቁጥር ያስቀራሉ። ይህ ካልተጻፈ መጨረሻ የተመዘገበው ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢጠብቅ አይደርሰውም።

ሁለተኛ፣ አንዴ የወጣ ዕጣ ተመልሶ ይገባል ወይስ አይገባም?

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከየት ይነሣል? መነሻ ቁጥሩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አሸናፊውንም ቀድሞ ያውቃል።

አራተኛ፣ ስንት ጊዜ ተጠራ? «ይሄ አልጣመኝም፣ ድገመው» እየተባለ የሚወጣ ዕጣ ዕጣ አይባልም። እያንዳንዱ ጥሪ መመዝገብ አለበት።

ይህ የባለሙያ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሁለት ነገር ያስታውስ።

በግንቦት 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ዲቪ 2012» የተባለውን ዕጣ ሰረዘ። ወደ 22 ሺህ ሰዎች ደርሷችኋል ከተባሉ በኋላ ነው። የፕሮግራም ስሕተት ነበር፤ ከተመረጡት 90 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 2 የምዝገባ ቀናት ያመለከቱ ሆነው ተገኙ። እዚያ የተበላሸው መደባለቁ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በሶፍትዌር ወጣ። ቀናት ሳይቆዩ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ፣ ያልቆጠቡ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል ብሎ ሰረዘው። ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። እዚህ የተበላሸው ዝርዝሩ ነው። ማውጫው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ የገባው ስም ከተነካካ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ መመሪያው አምስተኛ ነገር ይጨምር፦ ዝርዝሩ ከዕጣው በፊት ተቆልፎ ለሕዝብ ይለጠፍ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ስም እንኳ አይግባ፣ አይውጣ።

«ታዲያ ጥቅልል ወረቀታችን ምን አለው?» የሚል ይኖራል። ለ30 ሰው እቁብ ምንም አይወጣለትም፣ እሱው ይቀጥል። ለሺዎች የሚወጣ የቤት ወይም የቦታ ዕጣ ግን በወረቀት አይሆንም። ማሽን የግድ ከሆነ፣ እቁብተኛው በዓይኑ ያያቸውን ሦስት ነገሮች ማሽኑ በጽሑፍ ያሳየን። ጽሑፉም ባለ ዕጣው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ ይሁን።

ኤአይ ለተማሩ ወጣቶቻችን ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለእኛ ደግሞ የአንድ ጥያቄ ጉዳይ ነው። ነገ ማኅበራችሁ ወይም ክፍለ ከተማችሁ «ዕጣው በኮምፒውተር ይወጣል» ሲላችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት «መመሪያው የት አለ?» በሉ። ካላሳዩአችሁ ዕጣው ይቆይ።