ፋኑ ሳይጠረግ ካርዱ ይቀየር?

የሕመምተኛውን ግንባር እንኳ ሳይዳስስ ቀዶ ጥገና የሚያዝ ሐኪም ቢገጥመን ምን እንለዋለን? ጉድ! ብለን ለሰው ሁሉ እናወራው ነበር። በየኮምፒዩተር ሱቁ ግን ይኸው ድርጊት በየቀኑ ይፈጸማል፤ የሚገርመውም የለም። ጎረምሳው ጌም መጫወቻ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ይመጣል። «ይሞቃል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጨዋታው መሐል ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋል» ይላል። ባለሙያው ከመፍቻው በፊት የዋጋ ዝርዝሩን ያነሣል። «ጊዜው አልፎበታል፤ ግራፊክስ ካርዱ ይቀየር።» ኬዙ አልተከፈተም። ፋኑ ይዙር አይዙር ያየ የለም። አባት ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል፤ ወይም አሜሪካ ላለው አጎት ይደወልና «ሰው ሲመጣ ካርድ ላክልን» ይባላል።

ጸሐፊው በዚህ ልማድ ላይ ጠብ አለው። ጠቡም የሚነሣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ የሞቀና ያረጀ ኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ በሽተኞች ናቸው፤ መለየትም ይቻላል።

ያረጀው ጨዋታው ከተከፈተበት ሴኮንድ ጀምሮ ቀርፋፋ ነው። አቅሙ ያው ነውና በአንደኛው ደቂቃም በሠላሳኛውም ደቂቃ እኩል ይጎተታል። የሞቀው ግን ሲጀምር እንደ ፈረስ ይጋልባል፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ይለግማል። ምክንያቱም ድብቅ አይደለም። የዛሬ ፕሮሰሰሮችና ግራፊክስ ካርዶች ሙቀታቸውን ራሳቸው የሚለኩበት መሣሪያ ውስጣቸው አለ። ወሰኑ ላይ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያ ካልበቃ ይጠፋሉ። በብዙዎቹ የቅርብ ዘመን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሰኑ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤ ኤም ዲ ራይዘን 7000 ደግሞ ከባድ ሥራ ሲበዛበት እስከ 95 ዲግሪ እንዲደርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ማየት ብቻውን አያስደነግጥም። የሚጠየቀው፣ ሙቀቱ ሲወጣ ፍጥነቱ አብሮ ወረደ ወይስ ጸና? ነው። ይህንን የሚያሳዩ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ ኤች ደብሊው ኢንፎ አንዱ ነው። ሩብ ሰዓት ማጫወትና ሁለት ቁጥር ማንበብ ነው ሥራው። ይህንን እንኳ የማያደርግ ሰው «ቴክኒሺያን» የሚለውን ጽሑፍ ከበሩ ላይ ቢያነሣው ይሻላል።

ለምን ይሞቃል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አሳፋሪ ነው፤ አቧራ! የማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠጋጉ ናቸው። አንድ ሁለት ክረምትና በጋ ሲፈራረቅባቸው የቤት አቧራ፣ የምንጣፍ ቁጫጭ፣ የመንገድ ቁፋሮ ትቢያ እንደ ብርድ ልብስ ይደፍናቸዋል። ፋኑ ይጮኻል፤ አየር ግን አያልፍም። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሙቀት አያሻግርም። በዚህ ላይ የእኛ ቤት ፍቅር አለ። ቴሌቪዥንን ዳንቴል ስናለብስ የኖርን ሰዎች ኮምፒዩተሩንም አልብሰን፣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ የጠረጴዛው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተን እንዘጋበታለን። የትኛው ካርድ ነው እዚያ ውስጥ የማይታፈነው?

ማጽዳቱም ቢሆን ዕውቀት ይፈልጋል። ወደ ጎሚስታ ወስደው በጎማ መንፊያው የሚያስነፉ አሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። ከዚያ ቱቦ ውኃ ሊረጭ ይችላል፤ ፋኑንም ከልክ በላይ ያሽከረክረዋል። በለስላሳ ብሩሽ፣ ፋኑን በጣት ይዞ፣ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ መጥረግ ይበቃል። የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርጎ አዲስ መቀባትም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ እዚህ ማቀዝቀዣ ምን ይሠራል?» የሚሉ ሻጮች ደግሞ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ቅዝቃዜው ይረዳል። ይሁንና ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠናል፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው አየር ጥቂት ነውና ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ቅዝቃዜው ከሰጠን ላይ ከፍታው ተመልሶ ይወስዳል ማለት ነው። በዩቲዩብ ላይ ባዩት ሙከራ የሚምሉ ልጆች ይህንን ቢያስቡት መልካም ነበር፤ ሞካሪው ከኛ በብዙ ዝቅ ባለ ከተማ፣ በክፍት ጠረጴዛ ላይ፣ ትናንት ከካርቶን በወጣ ዕቃ የለካውን ነው የሚያሳያቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት እንምጣ። ታፍኖ ለሚሞቅ ሣጥን አዲስ ካርድ መግዛት ማለት ምን ማለት ነው? ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1080 የተመደበለት ኃይል 180 ዋት ነበር። በ2022 የወጣው አር ቲ ኤክስ 4090 450 ዋት፣ በ2025 የወጣው 5090 ደግሞ 575 ዋት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ! የሚገባው ዋት ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሌላ የሚሄድበት የለም። መካከለኞቹ ካርዶች ከዚህ በብዙ ያንሳሉ፤ እውነት ነው። ሆኖም ከአሮጌው ካርድ የበለጠ ኃይል የሚበላ አዲስ ካርድ በዚያው አቧራማ ኬዝ ውስጥ ሲገባ ሕመሙ ይብሳል እንጂ አይድንም። ከዚያም ባለሙያው «ፓወር ሰፕላዩም አልቻለውም» ይላል። ቀጥሎ ኬዙ ይጠባል። አንድ ቀዳዳ ሳይደፈን ሦስት ቀዳዳ ይከፈታል።

ገንዘቡስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ግራፊክስ ካርድ እዚህ አይሠራም፤ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ «ይቀየር» የምትለው አንዲት ቃል የወራት አስቤዛ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለ ቃል ሳይለኩ መናገር በኔ ሚዛን ከማጭበርበር እምብዛም አይርቅም።

እንዲህ ስል ግን የማቀዝቀዣ ነጋዴዎች ጠበቃ አይደለሁም። ከእነሱም ጋር ጠብ አለኝ። የፊቱን በር መስታወት አድርገው አየር መግቢያውን ይዘጉና ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበሩ ስድስት ፋኖች ይሸጡለታል፤ መብራት ግን አያቀዝቅዝም። ፕሮሰሰሩ መጠነኛ ለሆነ ኮምፒዩተር በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይገጥሙለታል፤ እዚያ ላይ ደህና የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃው ነበር። ከሁሉ የሚብሰው በእርግጥ ያረጀውን ማሽን «አቀዝቅዘን እናድነዋለን» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም የጨረር ስሌትን የሚሠራ ካርድ ከሌለ አይነሣም። ያንን ጂ ቲ ኤክስ 1080 በበረዶ ውስጥ ቢቀብሩት እንኳ የሌለውን አካል አያበቅልም። እዚህ ላይ «ይቀየር» ያለ ባለሙያ እውነቱን ነው፤ ገንዘቡም ካለ ይቀየር።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሻጭ ስለማያተርፍበት ሲናገረው አይሰማም። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ልጅ ማሽኑን 150 ምስል ያስፈልጠዋል። ዘጠናው የት ገባ? ማንም ሳያየው ሙቀት ሆኖ ቀረ! ጨዋታው ውስጥ ገብቶ ወሰኑን 60 ላይ ማሠር አንድ ሳንቲም አያስከፍልም፤ ፋኑም ወዲያው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የካርዱን የኃይል ጣሪያ በመጠኑ ዝቅ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከኃይሉ በጣም ባነሰ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያለ ምክንያት ጨዋታ እያቋረጡ ባስቸገሩ ጊዜ፣ ስንቱ ፋን ሲጨምር፣ ስንቱ ካርድ ሲቀይር ከረመ። ጥፋቱ ፕሮሰሰሩ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ መጠየቁ ነበር። መፍትሔውም ኩባንያው ያወጣው የፕሮግራም ማሻሻያ ሆነ፤ አስቀድሞ የተጎዳውን ግን ማሻሻያው አላዳነውም፤ ለእሱ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘሙለት።

«ለልጆች ጨዋታ ይህ ሁሉ ክርክር?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያው ማሽን ቀን ቀን የሠርግ ቪዲዮ ይቆርጣል፤ የሕንፃ ዲዛይን ይሥላል። በአንዲት ጠባብ ክፍል አሥር ኮምፒዩተር ደርድሮ በሰዓት ሒሳብ የሚያጫውት ሰውም እንጀራው ነው። እሱ ክፍሉ ውስጥ አራትና አምስት ኪሎ ዋት የሚሆን ምድጃ ለኩሶ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጧል። አሥሩንም ካርድ ከመቀየሩ በፊት ግድግዳው ላይ አየር ማስወጫ ፋን ቢገጥም ምን አለበት?

ስለዚህ ደንበኛ የሆንን ሁሉ አንድ ነገር ብንጠይቅ መብታችን ነው። ባለሙያው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ኮምፒዩተሩን በፊታችን ሩብ ሰዓት ያሠራው፤ ሙቀቱና ፍጥነቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፍልን። ካጸዳው በኋላም እንዲሁ ለክቶ ይጻፍ። ይህንን የማይፈቅድ ከሆነ ማሽኑን አንሥቶ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ነው፤ ሱቅ እንደ ሆነ ሞልቷል።