«ፈቃደ ደካማ» ለሚሉት መልስ

«አጫሽ ጉዳቱን እያወቀ የማይተወው ፈቃደ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ቅጣቱ ቢጠነክር ይተዋል» የሚል አስተያየት በየጊዜው ይታተማል። ቅጣቱ ግን ተሞክሯል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በአዋጅ ሲከለክሉ የአጫሽ ከንፈር፣ የሱረት ሳቢ አፍንጫ ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል። ትንባሆው ከንጉሡ በኋላም ኖረ።

ፈቃድ ነው ከተባለ ደግሞ ቁጥሩ ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂ ወንዶች 6.2 በመቶ፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ ያጨሳሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች ፈቃድ አምስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው? ሴት ስታጨስ የሚጠብቃት ነውር ነው የሚለየው፤ ወንዱን ግን ጓደኛውና የጫት ቤቱ ምርቃና ይጋብዙታል።

ጉዳቱን ለማሳወቅ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሲጋራ ፓኮ ገጽ 70 በመቶውን ለማስጠንቀቂያ ሥዕል አውሏል። ጎንደር ፒያሳ ላይ ከሱቅ በደረቴ ነጠላ ፍሬ የሚገዛ ወጣት ግን ፓኮውን አይዝም፤ ሥዕሉ ከሻጩ ጋር ይቀራል።

ቀሪው የኒኮቲን ሥራ ነው። በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ሲቀንስ ብስጭትና ሐሳብ መበታተን ይመጣል። ቀጣዩ ሲጋራ ራሱ የፈጠረውን ጭንቀት ያስታግሳል፤ አጫሹ ግን «አረጋጋኝ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ያለ ድጋፍ ከሚደረጉ የማቆም ሙከራዎች የሚሳኩት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ቅጣት ጠያቂዎቹ ከደባርቅ እስከ አዘዞ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የምክር አገልግሎትና የኒኮቲን ምትክ ሕክምና እንዲኖር ይጠይቁ።