ማጉረምረም ብቻ አይበቃም

አዲስ የመጣ ሁሉ መሻሻል ነውን? ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ግጭ ለመውጣት ስናስብ መንገዳችንን የምናቅደው ማፕስ ሚ በተባለው ፕሮግራም ነበር። ካርታውን አስቀድሞ ላወረደ ሰው ያለ ኢንተርኔት ይመራል። በ2013 ዓ.ም. ግን ባለቤቱ ተለወጠና የተለመደው ፕሮግራም በአዲስ ተተካ፤ በየአገሩ ብዙ ተጠቃሚ አማረረ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ የቀድሞ መሥራቾቹ በዚያው ዓመት የድሮውን ይዘው ኦርጋኒክ ማፕስን አወጡ።

ነገሩ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እንዲህ ያለው ካርታ ቅንጦት አለመሆኑን ሁላችንም ተረድተናል።

ጓዶች! የሁለቱም ካርታ የሚቀዳው ፈቃደኞች ከሚሞሉት ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ፕሮግራም ቢለዋወጥ የተመዘገበ መንገድ አይጠፋም። ታዲያ የሰሜን ባለበቅሎዎች በልባቸው የያዙትን የእግር መንገድ ጠይቀን እኛ ካልመዘገብነው፣ ማን ይመዝግብልን?