መድኃኒቱ ከነመያዣው ይሸጥ

በጉና ተዳፋት ክረምቱ ሲከብድ ድንች አብቃዩ አርሶ አደር የመድኃኒት መርጫውን አዝሎ ማሳ ይውላል።

ኬሚካል ቆዳን መጉዳት አለመጉዳቱ ለገበያ ሳይቀርብ ይፈተሻል። በተላጨ የጥንቸል ጀርባ ላይ ቢበዛ ለ4 ሰዓታት ይቆያል፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ በተሠራ የሰው ቆዳም ይሞከራል። ጉዳቱ የሚሽር ከሆነ በመያዣው ላይ ቃለ አጋኖ፣ ቆዳን የሚበላ ከሆነ እጅ ላይ የሚፈስ ፈሳሽ ምስል ይታተማል።

በላስቲክ ተቋጥሮ በማንኪያ የሚሸጠው ዱቄት ግን ምን ምልክት አለው? መርጫው የሚያንጠባጥብበት ገበሬ ጀርባ ከጥንቸሏ በላይ ይነከራል። (ባዶውን ዕቃ ውኃ መቅጃ ማድረጉ ሌላ ጉድ ነው!)

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም ወጥቷል። በእኔ እምነት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በገበያ ቀን መደብ ለመደብ ዞረው መድኃኒት ቆንጥሮ መሸጥን ሊያስቆሙ ይገባል።